ትንፋሽ የማያውቀው ቀጭን ድምፅ

ልጅ ሳለሁ፣ ትኩሳት ይዞኝ በተኛሁበት አንድ ከሰዓት፣ እናቴና አክስቴ ከግድግዳው ማዶ ሲያወሩ ሰማሁ።

ግማሹን ረስቼዋለሁ። ወሬው ስለ አንዲት ሴት ነበር።

«ሳትተነፍስ እኮ ነው የምታዜመው» አለች እናቴ።

«ሳይተነፍስ የሚያዜም አለ እንዴ?» አክስቴ ሳቀች። እናቴ አልሳቀችም።

ከዚያ ወንበር ተንቀሳቀሰ... «ልጁ ይሰማል» የሚል ሹክሹክታ መጣ... በሩ ተዘጋ።

ሴትዮዋ ማን እንደነበረች እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ሰው ሲዘፍን ዜማውን ትቼ ትንፋሹን መቁጠር ለመደብኝ።

ይህን የምጽፈው እንቅልፍ ልነሳችሁ ብዬ አይደለም። ከሐሰት ፈጣሪ ይጠብቀኝ፤ የሆነውን ነው የማወራችሁ። የሆነውም በጨለማ አይደለም። ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከአንዲት ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ባለ ሰፊ ክፍል ውስጥ ነው። ፀሐይ በሦስት መስኮት እየገባች...

የዱቄት ፋብሪካ ሠራተኛ ነኝ። የማሽን ሕመም በጆሮዬ አገኛለሁ፤ ማንም አላስተማረኝም። የካቻቢቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አደርግና ዘንጉን ከሚያሽከረክሩት ኩሽኔታዎች የትኛው ሊበላሽ እንደተቃረበ እናገራለሁ። ባልደረቦቼ «ዶክተር» ይሉኛል። ጉንፋን ሲይዛቸው ሸሚዛቸውን ገልጠው ተራ የሚይዙልኝም አሉ።

እህቴ ታላቄ ናት። እትዬ ነው የምላት። ባሏ ከሞተ ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋባት።

ስምንት ወር።

የታጠበ ብርጭቆ መልሳ ታጥባለች። ወንበር ከዚህ አንስታ እዚያ ታደርጋለች፣ ከዚያ ደግሞ ትመልሰዋለች። ተቀመጪ ስላት ትቀመጥና እግሯ ብቻውን ይሄዳል። ክኒኑም አልረዳት። ከመክሳቷ የተነሳ ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ አስቸገራት።

ፈራሁ። ከእሷ ሌላ ማንም የለኝም።

መምህር ስለሚባሉ ሰው የነገረቻት ጎረቤታችን ናት። ድሮ የስፖርት አስተማሪ ነበሩ አሉ። በአንድ ጉሮሮ ሁለት ድምፅ ያወጣሉ፤ አንድ ወፍራም፣ አንድ ቀጭን። ድምፁ በሰውነት ውስጥ የተቋጠረውን ኃይል ይፈታል፣ ዘና ያደርጋል፣ ያስተኛል ተባለ። በልቤ ጸለይኩና ከእትዬ ጋር ሄድኩ።

እትዬን ጨምሮ ዘጠኝ ሰው ምንጣፍ ላይ ተጋድሟል። እኔ በሩ አጠገብ ወንበር ሰጡኝ።

መምህር መሃል ላይ ቁጭ ብለው አፋቸውን ከፈት አደረጉ። መጀመሪያ ወፍራሙ መጣ... እንደ ፋብሪካችን ትልቁ ሞተር፣ በወለሉ በኩል አልፎ እግሬ ውስጥ ገባ። ከዚያ ከበላዩ ቀጭኑ። ፉጨት ይመስላል፤ ግን ከፉጨት የጠራ።

ያምራል። አልዋሽም፣ ያምራል።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ እትዬ ተኛች። እግሯ ቆመ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አምላኬን አመሰገንኩ።

ከዚያ እንደ ልማዴ ትንፋሻቸውን መቁጠር ጀመርኩ።

መምህር አየር ሳቡ። ወፍራሙ ቆመ።

ቀጭኑ አልቆመም።

ክፍሉ ነው የሚያስተጋባው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

በሁለተኛው ማክሰኞ ወንበሬን ጠጋ አደረግሁ። መምህር አቋርጠው ውሃ ጠጡ። ጉሮሯቸው ሲውጥ አየሁ።

ቀጭኑ እንደቀጠለ ነው...

ስንወርድ ልብስ ሰፊዋ ማሽኗን አጥፍታ ውጭ ቆማ ነበር። ምነው ሥራ ፈታሽ ብዬ ቀለድኩባት። እሷ አልቀለደችም። ማክሰኞ ማክሰኞ በዚህ ሰዓት መርፌዋ እጇ ላይ እየተንቀጠቀጠ ክር አልገባ እንደሚላት ነገረችኝ።

በሦስተኛው ማክሰኞ ካቻቢቴዬን በኪሴ ይዤ ሄድኩ።

መምህር ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ተንበረከክሁ። ጫፉን ወለሉ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ በምንጣፎቹ መሃል ቀስ እያልኩ ሄድኩ። የመጀመሪያው ሰው ዘንድ ቀጭኑ ድምፅ ደከም ያለ ነው። ሁለተኛዋ ዘንድ ጨመረ። ሦስተኛው ዘንድም አለ...

ሁሉም ዘንድ አለ። እትዬ ዘንድ ስደርስ ግን ጆሮዬን አቃጠለው።

አፏ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ጉሮሮዋ ላይ ያለችው ስስ ቆዳ ትርገበገባለች።

«እትዬ...»

ዓይኗን አልገለጠችም። «ተወኝ... ተኝቻለሁ።»

ስትናገር እንኳ ድምፁ አልተቋረጠም።

ሲያልቅ መምህርን ደረጃው ላይ ለብቻቸው አገኘኋቸው።

«ቀጭኑ የእርስዎ አይደለም» አልኩ በሹክሹክታ።

ድሮ የእርሳቸው እንደነበረ፣ አንድ ቀን ትቷቸው እንደሄደ፣ አሁን ወፍራሙን ብቻ እንደሚያወጡና ቀጭኑ ራሱ እንደሚመጣ ነገሩኝ። ታዲያ ለምን አይተዉትም ብዬ ለመንኳቸው።

«ወፍራሙን የሚይዝለት ሰው ካጣ አያስተኛቸውም» አሉ። ቀና ብለው አዩኝ። «የእርስዎ ድምፅ ወፍራም ነው... አይደል?»

ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። የእትዬን ክንድ ይዤ ወረድኩ።

በአራተኛው ማክሰኞ በሩ ተቆልፎ ጠበቀን። ልብስ ሰፊዋ መምህር ዕቃቸውን ጭነው ሲሄዱ አይታለች፤ ወዴት እንደሆነ ግን አልጠየቀቻቸውም። ፊታቸው ግን ዕዳ የወረደለት ሰው ፊት ይመስል ነበር አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ እትዬ ዓይኗን አልከደነችም። ብርጭቆ ማጠቡንም ተወችው። ቁጭ ብላ እጇን ታሻሻለች። ሁለት ጊዜ በሟች ባሏ ስም ጠራችኝ። ሐኪሙ ልቧ እየደከመ እንደሆነ፣ በዚህ ከቀጠለች እንደማትችለው ለብቻዬ ጠርቶ ነገረኝ።

ጸለይኩ። ከመቼውም በላይ ጸለይኩ።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ሳሎናችን ውስጥ ሶፋው ላይ ተጋድማ እጄን ያዘች።

«ወንድምዬ... ወፍራሙን ብቻ። ቀጭኑን አንተ አትነካውም።»

«አልችልበትም።»

«ትችላለህ።»

«ኃጢአት ቢሆንስ፣ እትዬ?»

«እኔ ስሞት ቆሞ ማየትስ?»

እጇን አየሁት። አጥንት ብቻ ነው። እግሯ ሶፋው ላይ ብቻውን ይሄዳል...

«እሺ» አልኳት።

ፀሐይዋ ፊቷ ላይ ስለነበረች መጋረጃውን ልስብ ወደ መስኮቱ ሄድኩ።

ከመንገዱ ማዶ ሰዎች ተደርድረው ቆመዋል። ምንጣፍ ላይ ይጋደሙ የነበሩት ናቸው... ስምንቱም። ጫማ አላደረጉም፣ በካልሲ ናቸው። ቤታችንን ማንም አላሳያቸውም። አፋቸው ተዘግቷል። ወደ እኔ መስኮት ቀና ብለው ያያሉ።

ከኋላዬ እትዬ ዓይኗን ስትከድን ተሰማኝ።

እሺ ብያታለሁ። ለመጀመር አየር ሳብኩ...

የስምንቱም ትከሻ አብሮኝ ከፍ አለ።