ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በታኅሣሥ ወር፣ ጀንፈል ቡና የጫኑ መኪኖች ከየቡ እና ከሰቃ እየጎረፉ የጅማን አቧራ በሚያስነሡበት ሰሞን፣ ጠበቃው አቶ ዓምደሚካኤል ወልደ ጻድቅ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለችው አንድ ክፍል ቢሯቸው ደጃፍ ቆመው የሰው ደንበኛ ይመለከቱ ነበር። ገበሬ የቆየ ክርክሩን የሚያስታውሰው ቡናውን ሲሸጥ ነውና መንገዱ በባለጉዳይ ተሞልቷል፤ ባለጉዳዩም ወደ እርሳቸው ይመጣል፤ ባርኔጣውን ያነሣል፤ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ይሰጣል፤ ከዚያም «የአቶ ጠሃ ቢሮ በየት በኩል ነው?» ብሎ ይጠይቃቸዋል።

አቶ ዓምደሚካኤልም በከዘራቸው ያመለክታሉ። ምን ያድርጉ፤ ጨዋ ናቸው።

እኒህ ሰው ከመንዝ የመጡት ጣሊያን በወጣ ማግስት ነበር። ሕግን ያወቁት ከትምህርት ቤት ሳይሆን ለባላባቶች ነገረ ፈጅ ሆነው ከችሎት ችሎት ሲንከራተቱ ነው። የጥብቅና ፈቃዳቸውን በጃንሆይ ዘመን ባወጡበት ዓመት አዲስ አበባ ባለው የጠበቆች ማኅበር ተመዘገቡ፤ ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተገለበጠ፤ መሬት ተወረሰ፤ ይሟገቱላቸው ከነበሩት ባላባቶች ግማሾቹ ታሰሩ፣ ግማሾቹ ሸሹ፤ የአቶ ዓምደሚካኤል የማኅበር መዋጮ ግን አንድም ዓመት አልተቋረጠም። መስከረም ሲጠባ በፖስታ ሐዋላ ይልካሉ፤ ደረሰኙንም ከቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ሥር ይሰቅላሉ።

ጠሃ አባቦራ ደግሞ የጅማ ተወላጅ ነው፤ አባቱ በሂርማታ ገበያ ኮርቻ ይሰፉ ነበር። በአማርኛም በኦሮምኛም እንደ ልቡ የሚናገር፣ ዕድሜው ከአርባ ያልዘለለ ሰው ነው። ችሎት ፊት ሲከራከር ቆይቶ ድንገት ወደ ደንበኛው ዘንበል ይልና በኦሮምኛ አንድ ነገር ሹክ ይለዋል፤ ደንበኛውም፣ ቤቱ ሊወሰድበት የቆመው ሰው፣ ይስቃል። አቶ ዓምደሚካኤል በጥብቅና ዘመናቸው ሁሉ አንድ ደንበኛ አስቀው አያውቁም። ኦሮምኛም አያውቁም፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጅማ ተቀምጠው «የችሎት ቋንቋ አይደለም» እያሉ ሳይማሩት ቀሩ። ስለዚህም ያን ሳቅ ሁሉ በእርሳቸው ላይ እንደተሳቀ ይቆጥሩት ነበር።

ይህን ሁሉ ችለው ኖሩ። ያልቻሉት በዚያ ታኅሣሥ የመጣውን የማኅበሩን ደብዳቤ ነው፤ ማኅበሩ አቶ ጠሃ አባቦራን የጅማ ተጠሪው አድርጎ ለመሰየም ማሰቡን አስታውቆ የአባላትን አስተያየት ይጠይቃል።

የዚያን ዕለት ምሳ አልበሉም። የጽሕፈት መኪናቸውን ልብስ ገፈፉ፤ ወረቀት በካርቦን ደራርበው አጎረሷት፤ ሲጽፉ ዋሉ፤ እንደ ልማዳቸውም ችሎት ፊት እንዳለ ሰው ቆመው ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ሸዋረገጥ አነበቡላቸው።

«ከዚህ በላይ የተጠቀሰው ግለሰብ የአባልነት መዋጮውን ሁለት ዓመት ሙሉ ያልከፈለ በመሆኑ በደንቡ መሠረት አባል ሊባል አይችልም፤ በጅማ ከተማ ግዴታውን አሟልቶ የሚገኝ የማኅበሩ አባል ስሜ ከዚህ በታች የተጻፈው እኔ ብቻ ነኝ።»

ወይዘሮ ሸዋረገጥ ጎመን ይቀነጥሱ ነበር። «አለመክፈሉን በምን አወቁ?»

«ራሱ ነገረኝ። ‹ጋሽ ዓምደ፣ የዘንድሮንም ረሳሁት፣ ወላሂ› ብሎ ሳቀ። ሳቀ እኮ ነው የምልሽ።»

«አምኖ የነገረዎትን ነው የሚከሱበት?»

«አንቺ ለማን ነሽ?»

«እኔማ ለጎመኑ። ግልባጩስ ለማን ለማን ነው?»

«ለሚመለከተው ሁሉ።»

የዚያን ዘመን ሰው ግልባጭ የሌለውን ደብዳቤ መቀነት ሳይታጠቅ ገበያ እንደወጣ ሰው ነበር የሚያየው። አቶ ዓምደሚካኤልም ለክፍለ ሀገሩ አስተዳደር፣ ለአውራጃው፣ ለፍርድ ቤቱ፣ ከግርጌው ትንሽ ቦታ ስለተረፈም ለቀበሌያቸው ግልባጭ አደረጉ።

ሦስቱ መሥሪያ ቤቶች ሳያነቡ ፋይል ውስጥ ከተቱት። ቀበሌው ግን አነበበ። ሊቀመንበሩ ጓድ ጣሰው ቀድሞ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የአቶ ዓምደሚካኤልን አንድ ለእናቱ የሆነ ሙሉ ልብስ የሰፋው እርሱ ነው። ደብዳቤውን እንደ ጨርቅ ፊቱንም ጀርባውንም አየው፤ አብዮቱ የማያውቀው ማኅበር፤ ዋና ጽሕፈት ቤቱ አዲስ አበባ፤ ገንዘብ ይሰበስባል፤ ተጠሪ ይሾማል፤ በጅማም አንድ አባል አለው፤ አባሉም በፊርማውና በማኅተሙ አምኗል።

በማግስቱ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች መጥተው ወሰዷቸው። በዚያን ጊዜ ቀበሌ ተጠርተው ከገቡት መካከል በገባበት በር ያልወጣ ብዙ ነበር። ወይዘሮ ሸዋረገጥ ነጠላቸውን አጣፍተው በቀጥታ ወደ ጠሃ ቢሮ ሄዱ፤ መንገዱን መጠየቅ አላስፈለጋቸውም።

በቀበሌው አዳራሽ ሕዝብ ተሰብስቧል። አቶ ዓምደሚካኤል ጠሃ ሲገባ ባዩ ጊዜ የመታሰራቸውን ነገር ረሱት።

«ማን ጠራዎት?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እትዬ ሸዋረገጥ።»

«እኔ አልወከልኩዎትም።»

«እንግዲያው ሲፈቱ ይከሱኛል፣ ጋሽ ዓምደ» አለና ጠሃ ወደ ፊት አለፈ።

ጓድ ጣሰው ደብዳቤውን ከፍ አድርጎ አሳየው። «እርስዎ በዚህ ጽሑፍ አባል አይደሉም ተብሏል። በሰው ማኅበር ምን አገባዎት?»

መውጫው ወለል ብሎ ተከፍቶለት ነበር፤ መቀርቀሪያውን ያነሡለትም አቶ ዓምደሚካኤል ራሳቸው ናቸው። ጠሃ «እውነት ነው፣ አይደለሁም» ብሎ ቢወጣ ማንም አይዘውም፤ አቶ ዓምደሚካኤልም፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንዲያ ቢል ይወዱ ነበር። ቢያንስ ተጠሪነቱ ለእርሳቸው ይቀራል።

«አባል ነኝ» አለ ጠሃ። «መዋጮዬን ረስቼ ነው። ሰው የዕድሩን ወርኃዊ ቢረሳ ይቀጣል እንጂ ከዕድሩ ይወጣል እንዴ?»

ከዚያም ወደ ሕዝቡ ዞረና በኦሮምኛ ተናገረ። ረጅም አልነበረም። አዳራሹ ሳቀ፤ የአብዮት ጥበቃዎቹ ጠመንጃቸውን ተደግፈው ሳቁ፤ ጓድ ጣሰው ደብዳቤውን ወደ አፉ አስጠግቶ ትከሻው ብቻ ተንቀጠቀጠ። ይህኛው ሳቅ በእርግጥም በአቶ ዓምደሚካኤል ላይ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ተለቀቁ።

ከባለቤታቸው ጋር ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፣ የአዌቱ ወንዝ ድልድይ ላይ ሲደርሱ መቻል አቃታቸው።

«ምን አለ?»

ኦሮምኛን ከገበያ የተማሩት ወይዘሮ ሸዋረገጥ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «‹አድመኛ ናቸው ካላችሁ ይሁን፤ ግን የአድማውን ወረቀት ለቀበሌው በግልባጭ የላከ አድመኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ?› ነው ያለው።»

አቶ ዓምደሚካኤል ከዘራቸውን እየመቱ ድልድዩን ተሻገሩ። መከላከያው ጥሩ ነበር። እርሳቸው ቢሆኑ አንቀጽ ይጠቅሱ ነበር፤ ከነአንቀጻቸውም ይታሰሩ ነበር። ከሳቁም ይልቅ ያንገበገባቸው ይኸኛው ነው።

«ስንት ተቀበለሽ?»

«‹ከባልደረባዬ ቤት አልቀበልም› አለኝ።»

«ባልደረባዬ አለ?»

«ባልደረባዬ አለ።»

በማግስቱ ፖስታ ቤት ሄደው የጠሃን የሁለት ዓመት መዋጮ ከኪሳቸው ላኩ፤ ቀናተኛ ሰው የሚቀናበትን ሰው ውለታ ተሸክሞ ማደር አይችልም። ከሐዋላው ጋር አንድ ደብዳቤ አኖሩ። «አቶ ጠሃ አባቦራ ለተጠሪነቱ የሚገባ ሰው መሆኑን አረጋግጣለሁ፤ የቀድሞ ጽሑፌን ስቤአለሁ» ይላል። በእጃቸው ጻፉት፤ ካርቦን አላስገቡበትም፤ ለወይዘሮ ሸዋረገጥም አላነበቡላቸውም። ስለ ጠሃ መልካም መመስከራቸውን ከማኅበሩ በቀር ሌላ ሰው እንዲያውቅባቸው አልፈለጉም። ለማንም ግልባጭ አላደረጉም።

ደብዳቤው ይድረስ አይድረስ አልታወቀም፤ ለጅማም ተጠሪ ሳይሰየም ዘመኑ አለፈ። ሁለቱ ጠበቆች በየእምነታቸው መቃብር ካረፉ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ የደርግ ዘመን መዛግብት ሲገላበጡ የአቶ ዓምደሚካኤል ስም በአራት መሥሪያ ቤቶች ፋይል ውስጥ ተገኘ፤ በአራቱም ያው የክስ ደብዳቤ ነው፤ ፊርማው ሳይጠፋ፣ ማኅተሙ ሳይደበዝዝ። መዝገብ የሚያስታውሰው የሰጡትን ነውና፣ አቶ ዓምደሚካኤል ባልደረባቸውን በመዋጮ የከሰሱ ሰው ሆነው ቀሩ። ያኛው ደብዳቤ አንድ ብቻ ነበረ፤ እርሱም ጠፋ።