ያልተገመጠ ሐብሐብ

ዶን አንሴልሞ ኢራላ ከግቢያቸው ማንጎ ሥር፣ ከቅርንጫፉ በተንጠለጠለው የሸራ አልጋቸው ላይ እንደተጋደሙ ሞተው ተገኙ። እግራቸው ሥር ሁለት የሐብሐብ ቅርፊት ወድቋል። የሐይቅ ዳሯ ከተማ የአሬጓ ሰው ፍርዱን ለመስጠት ጊዜ አልፈጀበትም። ተሬሬ የሚሉትን ቀዝቃዛ የቅጠል መጠጥ ጠጥቶ በላዩ ሐብሐብ የበላ ይሞታል፤ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። ወጣቱ ሐኪም ግን በአፋቸው ጥግ የደረቀውን አረፋ አይቶ፣ «መርዝ ነው» አለ።

ኢንስፔክተር ዲግና ኦቬላር ከአሱንሲዮን ስትደርስ ሐይቁ እንደ እርሳስ ረግቷል፤ ቅጠል አይንቀሳቀስም። የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ ኮሚሳር ቤኒግኖ ቅጠል ሻጯን አሮጊት ዶኛ ኦብዱሊያን በካቴና አስሮ አጥሩ ሥር አስቀምጧቸዋል።

«ነገሩ አልቋል። ተሬሬው ውስጥ የተቀጠቀጠው ቅጠል የዚህች ሴት ነው። ከሰዓት በኋላ ወደ ዋና ከተማው እስር ቤት ትሄዳለች።»

«ሆድህን ሲቆርጥህ ማን አዳነህ? ውለታ ቢስ!» አሉ ዶኛ ኦብዱሊያ። «በዚህ ዕድሜዬ እዚያ ከገባሁ የሚወጣው ሬሳዬ ነው።»

ዲግና ወደ አልጋው ቀረበች። የተሬሬው ውሃ ማሰሮ ተደፍቶ መሬቱ ርሷል። ዶሮዎች ከኩሬው ይጠጣሉ፣ የወደቀውን ቅጠል እየተሻሙ ይለቅማሉ። ቆማ ተመለከተቻቸው። ከዚያ ጠጪዎች ሁሉ በየተራ የሚጠጡበትን የቀንድ ዋንጫ አንሥታ አሸተተች። ጉንዳን የሚገድሉበት መርዝ። ቀጥሎ ከቅርፊቶቹ አንዱን ገልብጣ ወደ ብርሃን አዞረችውና ማንኪያ አስመጣች። የማንኪያው ጠርዝ በቅርፊቱ ላይ ባለው ቦይ ልክክ አለ።

የሟቹ የወንድም ልጅ ዴርሊስ ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል።

«እነማን ጠጡ?»

«አጎቴ፣ እንግዳዋና ዶን ሳቱርኒኖ። እኔ ቀዳሁ እንጂ አልቀመስኩም። ጠዋት ሐብሐብ በልቼ ነበር፤ ሞቴን ልጥራ እንዴ?»

«ከዚያስ?»

«እንግዳዋን ቤተ ክርስቲያኑን ላሳያት ሄድኩ። ዶን ሳቱርኒኖ ‹እኔ እቀዳለሁ፣ አንተ ሂድ› አሉኝ።»

«ታላቅ ሰው ሊቀዳ ተነሣ?»

«እኔንም ገርሞኛል።»

እንግዳዋ ካሪና ናት፤ ሰው የማይጎበኘውን አገር ልይ ብላ ከፊንላንድ የመጣች።

«ከተሬሬው በኋላ ምን በላሽ?»

«በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሐብሐብ ገዛሁ። ምነው?»

ዴርሊስ አማተበ። «እኔ አሻግሬ ደወሉን ሳሳይሽ አንቺ ሐብሐብ ትገምጪያለሽ? በሕይወት መኖርሽ ተአምር ነው!»

«ዶን አንሴልሞስ ምን ይሉሽ ነበር?» አለች ዲግና።

«ትናንት ጀልባ ልሳፈር ስል እጄን ይዘው መለሱኝ። ‹ወለሉ በስብሷል፤ ጀልባዋን እንዲያግድ ነገ ለወደብ ሹሙ እናገራለሁ› አሉ።»

ዲግና ወደ ሐይቁ ዞረች። ዳር ላይ አንዲት ጀልባ ተገልብጣለች፤ ሆዷ ላይ ትኩስ ሬንጅ ያብረቀርቃል።

ባለ ጀልባው ዶን ሳቱርኒኖ ፊታቸውን በባርኔጣ ሸፍነው ነበር። «አበልጄ ነበር፤ ልጄን ክርስትና ያነሣልኝ እሱ ነው። አንድ ሁለት ዋንጫ ጠጥተን ተለያየን። ሐብሐቡን ከእኔ በኋላ በልቶ ይሆናል። ሆዱን አይችልም ነበር፤ ነፍሱን ይማርና።»

ዲግና ሁሉንም በማንጎው ሥር ሰበሰበቻቸው። አልጋው ባዶውን ተንጠልጥሏል፤ ማንም አጠገቡ መቆም አልፈለገም።

«ውሃውም ቅጠሉም ንጹሕ ናቸው» አለች። «ዶሮዎቹ ጠጥተውታል፣ በልተውታል፤ ይኸው ይጣላሉ። መርዙ ያለው ዋንጫው ውስጥ ነው። በአንድ ዋንጫ ሦስት ሰው ጠጥቶ የሞተው አንድ ነው፤ ስለዚህ የገባው ከአንሴልሞ ሌላ ጠጪ ባልቀረበት ሰዓት ነው።»

ቅርፊቱን ከፍ አደረገች።

«ይህን ጥርስ አልነካውም፤ በማንኪያ ተፍቋል። የተፋቀውን ከአጥሩ ጀርባ ጉንዳን ወርሮት አገኘሁት። አንሴልሞ በሐብሐብ ሞተ እንዲባል የፈለገ ሰው አለ። ገምጦ ቅርፊቱን ቢጥል ይቀለው ነበር። ለምን አልገመጠም?»

ቅርፊቱን ባዶው አልጋ ላይ ጣለችው።

«ስለፈራ ነው። ተሬሬ ጠጥቷላ! ካሪና ጠጥታለች፣ ግን አትፈራም፤ በልታለች። ዴርሊስ ይፈራል፣ ግን አልጠጣም። ዶኛ ኦብዱሊያ ቅጠሉን በር ላይ ሰጥተው ሄደዋል። የጠጣም የፈራም አንድ ሰው ይቀራል።»

ዓይኖች ሁሉ ወደ ሳቱርኒኖ ዞሩ።

«ጀልባዋ የአባቴ ናት» አሉ በቀስታ። «ከእሷ ሌላ ምን አለኝ? አንድም ቀን ውሃ አስገብታ አታውቅም።»

«ታዲያ ሬንጁ ምን ሊደፍን ነው?» አለች ዲግና። አንቱታው ቀረ። «አንተ ልጅህን ያነሣልህን ሰው ገደልክ። እሱ ዝም ቢል ደግሞ ይህች እንግዳ ሐይቁ ውስጥ ነበረች።»

ዴርሊስ ዘሎ ኮሌታውን ያዘው። «አጎቴን ስትገድል ያልፈራህ፣ ሐብሐብ ትፈራለህ?»

«እና ልሙት እንዴ?» አለ ሳቱርኒኖ፣ ከልቡ ደንግጦ።

ካቴናው ከአሮጊቷ እጅ ወልቆ በእሱ እጅ ገባ። ኮሚሳሩ አንገቱን ደፋ።

«እንግዲህ መሄድ ይችላሉ፣ እናቴ።»

ዶኛ ኦብዱሊያ አልተነሡም። ካቴናው ያቀላውን አንጓቸውን እያሹ ሽቅብ አዩት።

«ጠዋት በገበያው መሃል ‹መርዘኛ› እያልክ ስትጎትተኝ ድምፅህ ከደወል ይበልጥ ነበር። ነገ ማን ከእኔ ቅጠል ይገዛል? ና፣ ከፊቴ ቅደም። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ድምፅ።»

ኮሚሳሩ ወደ ዲግና አየ። ዲግና የአጥሩን በር ከፍታ ያዘችለት።