የኖፓ መንገድ ንዝረት

ቅዳሜ ከመቱ ወደ ኖፓ የሚሄደው የጭነት መኪና ሰው የሚጭነው ከጆንያ በተረፈው ቦታ፣ በቁም ነው። ነመራ ከአዲስ አበባ ኮሌጅ ለአንድ ዓመት መቱ የተላከ የፊዚክስ አስተማሪ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ኖፓ ያለች እኅቱን ሊጠይቅ ይሄዳል። አጠገቡ የቆመችው ልጅ ሀረገወይን እንደምትባል ያወቀው አጎቷ አቶ ገብረ መድኅን ከጋቢና ሆነው ሲጠሯት ነው።

በታላላቆች ፊት እንደምትቆም ቀጥ ብላለች። መኪናው በጠጠሩ ላይ ሲንቀጠቀጥ ጥርሷ ይንገጫገጫል።

«ጉልበትዎን ላላ ያድርጉት» አላት።

«እንዴ! ል... ልጨፍር?»

«ንዝረቱ ከወለሉ በእግር ይወጣል። ጉልበት ከተገተረ ራስ ድረስ ይዘልቃል፤ ትንሽ ከታጠፈ እዚያው ይደክማል።»

«አስተማሪው፣ ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው!» ብለው ነጋዴዋ እትዬ ተጂቱ ከጆንያው ላይ ሳቁ።

ሀረገወይን ጉልበቷን አጠፍ አደረገች። «እውነት ነው» አለች። ድምፅዋን ሳይሰባበር የሰማው ያኔ ነው። እስከ ኖፓ አንድ ቃል እንድትጨምርለት ተመኘ።

ከዚያ ወዲህ ሳምንቱ በሙሉ የቅዳሜ ዋዜማ ሆነበት። «እርስዎ» መባባሉም ቀረ።

በሁዳዴ አንድ ቅዳሜ ግን ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ፣ «ከጎሬ ሽማግሌ ተልኮብኛል» አለችው። «አንተስ? የምትልከው ሰው የለህም?»

ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ነመራ እግሯን አየ፤ ተገትሯል።

«ጉልበትሽን ረሳሽው» አላት።

«አልረሳሁም» ብላ ፊቷን አዞረች።

ልቅሶዋን በመኪናው ንዝረት ልትሸፍን እንደሆነ የገባው ከወረደች በኋላ ነው።

በማግስቱ ወላጆቹ ወደሚኖሩበት ወደ ኡካ ወርዶ ለአባቱ ለኦቦ ዲንቃ ነገራቸው።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ዛሬውኑ እንሂድ!» አሉ።

«የሰው ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ በላዩ መላክ ነውር ነው፣ አባባ። የእነሱ ጉዳይ ይለቅ፤ ከዚያ እንሄዳለን።»

ጠበቀ። ሀረገወይን መኪናው ላይ መምጣቷን ተወች። ከፋሲካ በኋላ ለጎሬዎቹ እሺ እንደተባለ ሰማ።

ሰኔ ላይ መቱ ገበያ ከአቶ ገብረ መድኅን ጋር ተገናኙ።

«ሠርጉ እንዴት ነበር፣ ጋሼ?»

«አማረ። ግን ልጅቷ ምን ያህል እንዳደከመችን! ለሽማግሌዎቹ መልስ የምንሰጥበትን ቀን ሦስት ጊዜ አስለወጠችን። ‹የምጠብቀው ሰው አለ› ትላለች፤ ማን እንደሆነ ብንለምናት ጭጭ። እኛም አብረናት ጠበቅን፤ የመጣ ሰው የለም።»