እሳቸው አይነሱም

«ሥዕሉ ጥሩ ነው። ይህቺን ጠራጊ ግን አንሻት» አሉ ዳይሬክተሩ፣ በጣታቸው እየጠቆሙ።

ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ሽቦን አያት። ለቅጥነቷ የወጣላት ቅጽል ስም ነው፤ እውነተኛ ስሟን የሚያስታውስ የለም። ለዚህ ሥዕል ሁለት ወር ለፍታለች። ከትምህርት መልስ አውቶቡስ ፌርማታ ቆማ ሰው ታያለች፤ ቤት ገብታ ካርቶን ላይ ትሥላለች፣ ትቆርጣለች፣ ትለጥፋለች። የጫማ ሰፊው ሽርጥ የእውነት ቆዳ ነው፤ የጋዜጣ ሻጩ ኮት አሮጌ ጋዜጣ። መሀል ላይ ያሉት የመንገድ ጠራጊ የያዙት መጥረጊያ ደግሞ ራሳቸው መዝዘው የሰጧት ጭራሮ ነው።

«ለምን ይነሳሉ?»

«ዐርብ እንግዶች ይመጣሉ። ርዕሱ ‹ውብ ከተማችን› ነው። በእሷ ቦታ አበባ ነገር አድርጊበት።»

«ውብ ያደረጉት እሳቸው አይደሉም እንዴ?»

ከኋላ አንዱን ሳቅ አመለጠው። የዳይሬክተሩ ፊት ቅጭም አለ።

«ምላስሽን ሰብስቢ! ወይ ታነሻታለሽ፣ ወይ ከውድድሩ ትወጫለሽ።»

ዳይሬክተሩ ሲወጡ የሥዕል መምህሩ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ አንደኛ የምትወጪው እኮ አንቺ ነሽ። ለአንድ ቀን ጠራጊዋ ላይ ወረቀት ብትለጥፊ ምን አለበት?»

ሽቦ መቀሱን አነሳች። አበባ ያለበት ወረቀትም ፈለገች። ከዚያ እጇ ቆመ።

«ቲቸር፣ ‹እኔም ገብቼ ማየት እችላለሁ?› ብለውኛል። ዐርብ ይምጡ ብያቸዋለሁ። መጥተው ራሳቸውን ሊያጡት ነው?»

መምህሩ መቀሱን ከእጇ ወስደው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

ዐርብ ጠዋት እንግዶቹ ሲገቡ፣ ሽቦ ሥዕሉን አቅፋ ወጣች። ከውጭ በኩል አጥሩ ላይ በሲባጎ አሰረችው።

«ማን ፈቀደልሽ?» አለ ዘበኛው።

«ማንም።»

ዘበኛው ወደ ግቢው አየ፣ ወደ ሥዕሉ አየ። ራሱን ነቀነቀና በሩ ላይ ሄዶ ቆመ።

መጀመሪያ ሁለት ተማሪዎች፣ ቀጥሎ አንዲት ልጅ ያዘለች እናት፣ ከዚያ ሰው በሰው ላይ ተደራረበ። ጠራጊዋ የታጠበ ሻሽ አስረው መጡ። ሰዉን ሰንጥቀው አለፉና ሥዕሉ ፊት ቆሙ። እጃቸውን አንስተው፣ ሳይነኩት መለሱት።

ከውስጥ በማይክሮፎን ተወዳዳሪዎች ሲጠሩ ይሰማል።

«ልጄ፣ አንቺ አትገቢም?» አሏት።

ሽቦ የላላውን ሲባጎ ጠበቅ አደረገች።

«እዚህ ይሻለኛል፣ እትዬ። የሚያልፈው ሰው ብዙ ነው።»