ሁለት ሰማይ፣ አንድ ሬሳ

ዶክተር ኃይለመስቀል ሲሞት ቦንጋ ውስጥ ያለቀሰለት ሰው አልተገኘም፤ እሱም በሕይወት ሳለ ለቦንጋ ሰው ሰላምታ አባክኖ አያውቅም። ጠዋት አከራዩ እትዬ ሰብሪያ በሩን ገፍተው ሲገቡ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ወንበሩ ላይ እንደተንጋለለ በድን ሆኖ አገኙት። እግሩ ሥር የእሳቸው የከሰል ምድጃ ተቀምጧል።

ምክትል ሳጅን ዮሴፍ ማሰብ ብዙ አላደከመውም። «ከሰል አስገቡለት፣ ጭሱ ገደለው» አለና የእትዬን እጅ በካቴና አሰረ። ልጆቻቸውን ያሳደጉባትን ሱቅም አሸገ። ማታውኑ እስር ቤት ሊወስዳቸው ነው።

ኢንስፔክተር አብርሆት ስትደርስ ዮሴፍን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ምርመራውን ጨረስክ?»

«ጨርሻለሁ፣ ኢንስፔክተር።»

«ጎበዝ። እንግዲህ እኔ ልጀምር።»

ጎንበስ ብላ ምድጃውን አየች። ከሰሉ ግማሹ ገና ጥቁር ነው። በሰፈሩ ደግሞ ከሰል ደጅ ተራግቦ ፍም ካልሆነ ቤት የሚያስገባ የለም። የሟቹ ኮሌታ ጠጅ ጠጅ ይሸታል። ከበሩ ሥር፣ በውጭ በኩል፣ የጆንያ ክር እንጨቱ ስንጥር ላይ ተይዟል።

«እትዬ፣ እዚህ ጆንያ ነበር?»

«ተጠቅጥቆ ነበር። ዝናብ እንዳይገባ መስሎኝ በእግሬ ገፋሁት።»

«ጠጅስ?»

«በእኔ ግቢ? አዑዙ ቢላህ! ከተከራየ ጀምሮ መጠጥ አይገባም ብዬዋለሁ።»

ጎረቤቱ ተከራይ ሰብሃት ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። አዘንኩ ለማለት እንኳ አልሞከረም።

«ሬዲዮኔን የአህያ ጩኸት ነበር የሚለው። አህያ ቢሞት ይከፋኝ ነበር።»

«ገደልከው?»

«ለእሱ ከሰል የማባክን ይመስልሻል?»

«መብራት መቼ መጣ?»

«ትናንት ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ ውሎ፣ ምሽት ላይ እትዬ መግሪብ ሰግደው ሲነሱ። ኮምፒውተሩን የከፈተው ያኔ ነው። ትንሽ ቆይቶ ሲያጨበጭብ ሰማሁት። ለራሱ ነው ያጨበጨበው!»

ሦስተኛው ተጠያቂ፣ በዩኒቨርሲቲው የሟቹ የሥነ ፈለክ ባልደረባ መምህር ቀጸላ ነው፤ ዶክተር ለመባል ጽሑፉን ሊያስገባ ጥቂት የቀረው። ቢሮው ውስጥ ከመቀመጡ በፊት ወንበሩን በመሐረብ ጠረገ።

«ከዓርብ ወዲህ አይቼውም ድምፁን ሰምቼውም አላውቅም።»

«ምን ነበር የሚሠራው? እኔ እንኳ አይገባኝም።»

«አንቺ? አንቺ ከሰልሽን ቁጠሪ» ብሎ ሳቀ። ግን ማስተማር የለመደ አፍ አያርፍም። «ስሚ። ጋላክሲ የከዋክብት መንደር ነው። ዙሪያውን የማይታይ ጨለማ ቁስ ከቦታል፤ ሃሎ ይባላል። ሕዋን እየለጠጠ የሚያራርቀውን ደግሞ የኮስሞሎጂ ቋሚ እንለዋለን። ኃይለመስቀል በኮምፒውተር ሁለት ሰማይ ሠራ፤ አንዱ ቋሚው ያለበት፣ ሌላው የሌለበት። የጋላክሲን መጠን የሚወስነው ቋሚው ነው፤ ጽሑፌ ላይ አረጋግጫለሁ።»

«እሱስ?»

«ቋሚው የሚነካው የሃሎውን ዳር ብቻ ነው ባይ ነው። ከሩቅ የሚመጣውን መኖ ይከለክላል እንጂ የተዋጠውን አያስተፋም፤ መሀል ያለው ጋላክሲ ቀድሞ ጠግቧል ይላል። እዚያ ሥዕሉ ጥግ ያለው፣ ጭራው የተቀደደው ጋላክሲ በሁለቱም ሰማይ እኩል ስለወጣ ነው ይሄ ሁሉ ጉራ?»

አብርሆት ምንም ያልገባት መስላ አመስግናው ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም የታሸገው ሱቅ በረንዳ ላይ ሰበሰበቻቸው። እትዬ ሰብሪያ ካቴናቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ዳር ቆሙ።

«ጆንያው የተጠቀጠቀው በውጭ በኩል ነው» አለች አብርሆት። «ውስጥ ያለ ሰው እንዲህ አድርጎ በራሱ ላይ አይዘጋም። ስለዚህ ይሄ አደጋ አይደለም፣ ዮሴፍ። ከሰሉ ሳይቀላ የገባውም ጭሱ ስለተፈለገ ነው። ሟቹ ያልሸሸው ጠጅ ስላስተኛው ነው። እትዬ ደግሞ ጠጅ በበራቸው አያሳልፉም። እንግዳ መጥቷል።»

«እኔን አትይኝ» አለ ሰብሃት፤ «ጠጅ ባገኝ ለእሱ አላካፍልም።»

«አንተማ ለራስህም አይበቃህ። አሁን ወደ ሰማዩ እንሂድ። የሁለቱ ሰማያት ሥዕል የወጣው ትናንት መብራት ከመጣ በኋላ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሰዓቱን ጽፎበታል። ሟቹ ለማንም አልላከውም። ስልኩን አየሁ፣ ለማንም አልደወለም። መምህር፣ እርስዎ ግን ከዓርብ ወዲህ ያላዩት ሰውዬ ክፍል ውስጥ ጭራው የተቀደደ ጋላክሲ እኩል መውጣቱን ነገሩኝ። በየትኛው መስኮት አይተው ነው?»

ቀጸላ ፊቱ አመድ መሰለ። ንቀቱ ግን አልለቀቀውም።

«አንቺ ስለ ጋላክሲ ምን ታውቂያለሽ?»

«ምንም። እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።»

ሰውየው በረንዳው ጠርዝ ላይ ዘጭ አለ። ወንበር መጥረጉን ረሳ።

«ጽሑፌን እስካስገባ ዝም በልልኝ ብዬ ለመንኩት። ጠጄን እየጠጣ ሳቀብኝ። ‹አንተ ራስህ የሃሎ ዳር ነህ፤ ኖርክም አልኖርክም መሀሉ አይሰማውም› አለኝ። እየሳቀ እንቅልፍ ወሰደው። ምድጃው በረንዳው ላይ ነበር…»

ዮሴፍ የእትዬን ካቴና ፈታ። እሳቸው አንጓቸውን እያሻሹ ቀጸላን ረጋ ብለው አዩት።

«ለመሆኑ ሁለቱ ሰማይ እኩል ሆኑብኝ ብሎ ነው ሰው የገደለው?»

«አዎ፣ እትዬ» አለች አብርሆት።

«እፍ!» አሉና እሽጉን በገዛ እጃቸው ገነጠሉት። «በሉ ከደጄ ዞር በሉልኝ፤ ሱቄን ልከፍት ነው።»