ቀስ ብሎ የሚቀመጠው

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ ልጆቼ። ይሄ ተረት አይደለም። ታናሽ ወንድሜ በዓይኑ ያየው ነው፤ እሱ ደግሞ እንኳን ውሸት ቀልድም አያውቅም።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ... ጠራራ ፀሐይ ነው... ልክ ስድስት ሰዓት።

ወንድሜ ሞተር ጠጋኝ ነው። የሞተርን ሕመም በድምፁ ስለሚለይ "ጆሮ" ይሉታል። ያን ቀን ግንቡ ረጅም የሆነ አንድ ሰፊ ግቢ ተጠራ። እንደ ትንሽ ትራክተር ተቀምጠው የሚነዱት የሣር ማጨጃ አልነሳ ብሎ ነው።

የግቢው ጌታ በረንዳው ላይ ቆሞ ጠበቀው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

"ዛሬ እሱ ካልተነሳ አንተም ከዚህ አትነሳም" አለው።

ከማጨጃው አጠገብ አንዲት ሴት መጥረጊያ ይዛ ቆማለች። አትክልተኛዋ ናት። ባሏ የሞተው በዚሁ ማሽን ነው፤ ከግቢው ጥግ ካለችው ክፍል እንዳትባረር ብላ ሥራውን ተረከበች። ማሽኑ ከተነሳ ዛሬውኑ የምትነዳው እሷ ናት።

ባሏ እንዴት እንደሞተ ጌታው ራሱ አወራው፤ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ።

እነዚህ ማጨጃዎች ከወንበራቸው ስር አንዲት ማብሪያ አለቻቸው። ነጂው ሲነሳ ወንበሩ ከፍ ይልና ሞተሩ ይጠፋል፤ ሰው እንዳይጎዳ ነው። ጌታው ግን በወረደ ቁጥር እየጠፋ ሥራ ይጓተታል ብሎ፣ ማብሪያዋ እንዳታጠፋው ሽቦውን አገናኘው። አትክልተኛው ወርዶ የተወተፈ ሣር ሊያወጣ ከስር ሲገባ ምላጩ አልቆመም ነበር።

ሁለቱንም እጁን...

"ደሙ የፈሰሰበት ሣር ደረቀብኝ" አለ ጌታው። "ይኸው እስካሁን አልበቀለም።"

ሴትዮዋ ቀና አላለችም።

ወንድሜ ሥራውን ጀመረ። ባትሪው ጤነኛ ነው... ቤንዚኑ ይደርሳል... ካንዴላውን ነቅሎ ሞከረው፤ እሳት ይተፋል። ወንበሩ ላይ ወጥቶ ቁልፉን አዞረ።

ጭጭ።

ሽቦዎቹን ሲከተል ጌታው ያገናኘውን አገኘ። ሴትዮዋን አየት አደረጋትና ቆርጦ ለያየው፤ ማብሪያዋን እንደ ድሮዋ መለሳት። አልደበቀምም፤ ከእንግዲህ ነጂው ሲወርድ ሞተሩ ይጠፋል አለ። ጌታው መልሰህ አገናኘው ብሎ ጮኸበት። ወንድሜ "መጀመሪያ ይነሳ እንጂ ጋሼ" ብሎ አለፈው።

ከዚያ ማብሪያዋን በመሞከሪያ አምፖል ፈተሻት። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

እሱ ሲቀመጥ አምፖሏ ትጠፋለች... ወንበሩ ባዶ ነው እንደማለት።

ሲወርድ ትበራለች... ሰው አለ እንደማለት።

ደጋገመው። ያው ነው። ለእንግዳ ተነስቶ ቦታ እንደሚለቅ ጨዋ ሰው... እሱ ሲወጣ የሚነሳ፣ እሱ ሲወርድ የሚመለስ አለ።

ወንበሩን በመዳፉ ዳሰሰው። የማሽኑ ብረት ፀሐይ መትቶት እጅ ይጠብሳል። ወንበሩ ግን እንደ ጉድጓድ ውሃ ይቀዘቅዛል። መሃሉም ጎድጉዷል።

"እህቴ..." አለ ድምፁን ቀንሶ። "ይሄ ነገር..."

"አውቃለሁ።"

ጌታው ይሄኔ ትዕግሥቱ አለቀ። ወንድሜን በክርኑ ገፍቶ ራሱ ወጣና ቁልፉን አዞረ።

ወዲያው ተነሳ።

"ጆሮ ብሎ ስም ያወጣልህ ሰው እሱም ደንቆሮ ነው!"

እየሳቀ አንድ ዙር ነዳ። ጠዋት ውሃ የጠጣው ሣር ምላጩን ወተፈው። ጌታው ወረደ... ሞተሩም ጠፋ፤ መጥፋት እንዳለበት። እየተራገመ ተንበረከከና ሁለት እጁን ከስር ሰደደ።

ያኔ ወንድሜ ሰማ።

የወንበሩ ስፕሪንግ... ሲጥ... አለ።

ማንም የለበትም። ግን ቀስ ብሎ... ቀስ ብሎ... ዝቅ አለ።

ወንድሜ "ጋሼ፣ እጅዎን" ሊል አፉን ሲከፍት ሴትዮዋ ክንዱን ያዘችው።

"ተወው" አለችው በሹክሹክታ። "ቀስ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ወገቡን ያመው ነበር።"

ቁልፉ ዞረ።

...

እሱን አልነግራችሁም ልጆቼ፤ ወንድሜም ለእኔ አልነገረኝም። ጌታው ዛሬም በሕይወት አለ። የሚያጎርሰው ግን ሰው ነው።

መኪና መጥቶ ከወሰደው በኋላ ግቢው ረጭ አለ። ወንድሜ መፍቻዎቹን እየሰበሰበ ሳለ ግንቡ ስር ያለው ቧንቧ ሲከፈት ሰማ። ዞሮ አየ።

አጠገቡ ሰው የለም።

ውሃው ግን መሬት አይደርስም። ከመሃል ይበተናል... ይሰነጠቃል... ሰው መዳፍ ለመዳፍ እያሸ ሲታጠብበት እንደሚበተነው።

ቧንቧው ተዘጋ።

ሴትዮዋ መጥረጊያዋን ጣለች። ሄዳ ፎጣ ዘርግታ ቆመች፤ እንግዳ እንደምታስታጥብ ሁሉ አንገቷን ደፍታ።

ፎጣው እጇ ላይ እንዳለ... ቀስ እያለ ረጠበ።

አደራችሁን ልጆቼ። ሣር ሲታጨድ በሰማችሁ ቁጥር ያን አትክልተኛ አስታውሱልኝ። ሁለት እጅ ነበረው።