የማዋለጃው ግድግዳ

ግንበኛው መሐንዲሷን «ቱንቢ» ብሎ የሰየማት በመጣች በሦስተኛው ቀን ነው። ግድግዳ እንደሚስተካከልበት ገመድ ቀጥ ብላ ስለምትሄድ፣ ያሰበችውንም ሳታጠማዝዝ ስለምትናገር።

መሐንዲሷ ከአሥር በጎ ፈቃደኞች ጋር ድንበር ተሻግራ የመጣችው ለስድስት ሳምንት ነበር፤ የመንደሩ ሴቶች የሚወልዱበት ባለ ሦስት ክፍል ቤት ሊሠሩ። ከቡድኑ የአገሩን ቋንቋ የምትችለው እሷ ብቻ ስለነበረች ፕላኑም ትርጉሙም በእሷ ጫንቃ ላይ ወደቀ።

ግንበኛው የመንደሩ ተወላጅ ነው። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲጠርብ አፉ አያርፍም፤ እሷ ብቅ ስትል ግን ቃል ይጠፋበታል። እሷም የለካችውን ግድግዳ ደግማ መለካት አበዛች። ነገሩ ለሁሉም ገብቶታል፤ የተደበቁ የሚመስላቸው እነሱ ብቻ ነበሩ።

መሠረቱ ሲቆፈር አፈሩን በመዳፉ ፈርፍሮ አሳያት።

«ይሄ ጥቁር አፈር ክፉ ነው። ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል። አንድ ሜትር እናጥልቀው።»

«ቀኑ አይበቃንም።»

«እናንተማ ትሄዳላችሁ። እዚህ የምትወልደው የኔ እህት ናት።»

ፕላኑ የእጇ ሥራ ነው፤ ተሳስቻለሁ ማለት ሞት ሞት አላት። ቁፋሮው በደረሰበት ጥልቀት ቆመ።

በአምስተኛው ሳምንት ዝናቡ ወረደ። ሦስት ቀን ዘንቦ ሲያባራ የምሥራቁ ግድግዳ ከመስኮቱ ጥግ እስከ መሠረቱ ተተርትሮ ተገኘ። ስንጥቁ ጣት ያስገባል።

የበጎ ፈቃደኞቹ አስተባባሪ የመንደሩን ሽማግሌዎች ሰበሰበ።

«ግንበኛው ሲሚንቶውን አቅጥኖ አቡክቶ ነው፣ በያቸው» አላት።

ግንበኛው ከግድግዳው ሥር ቆሞ ያያታል፤ አሁን እውነቱን ትናገራለች ብሎ በእርጋታ የሚጠብቅ ሰው አስተያየት ነበር። ዓይኗን ሰበረች። ከዚያም የተባለችውን ቃል በቃል፣ አንድም ሳታጎድል ተረጎመች።

ግንበኛው መሣሪያዎቹን ማዳበሪያ ውስጥ ከቶ፣ ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ ጥሎ ሄደ።

በማግሥቱ ጠዋት ቤቱ ድረስ ሄደች። እናቱ በሩን ገርበብ አድርገው «የለም» አሏት። ጫማው ደጃፉ ላይ ተቀምጧል።

«እናቴ፣ አንድ ቃል ብቻ ልንገረው።»

«ልጄ ቃልሽን የፈለገው ትናንት ነበር።»

በሩ ተዘጋ።

ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ወረደች። ዳግመኛ እንዲሰበሰቡ ለመነች፤ በተሰበሰቡት ፊት ቆመች።

«ግንበኛው አስጠንቅቆኝ ነበር፤ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ሲሚንቶው ምንም አልጎደለውም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አስተባባሪው ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። «ቡድኑን አዋረድሽው። የድጋፍ ደብዳቤ ከኔ አትጠብቂ!» አገሯ ስትመለስ ተስፋ የጣለችበት ሥራ በዚያ ደብዳቤ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። እሱንም ውሃ በላው።

ለመሄድ አምስት ቀን ቀርቷታል። ከመንደሩ ሰው ጋር ሆና የተሰነጠቀውን ግድግዳ አፈረሰች፤ መሠረቱንም ማጥለቅ ጀመረች። በሦስተኛው ቀን ከጉድጓዱ ሌላ ጫፍ የዶማ ድምፅ ሰማች። ማን እንደሆነ አወቀች፤ ቀና ማለት ግን ፈራች።

«እጅሽ ደምቷል» አለ ግንበኛው።

«ይሁን።»

«ይቅር ማለቱ አልከበደኝም። የከበደኝ ያን ቀን ዓይንሽን ከኔ ላይ ማንሳትሽ ነው።»

«ይኸው፣ አሁን እያየሁህ ነው።»

እሱም አያት፤ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ዶማውን አነሳና አጠገቧ መጥቶ ይቆፍር ጀመር። እስኪመሽ አብረው ቆፈሩ።

የመሄጃዋ ቀን መኪናው ሲነሳ ግንበኛው በመስኮቱ በኩል «ጣራው ሲያልቅ እመጣለሁ» አላት። ሰው ሲለያይ የማይለው የለም ብላ አላመነችውም።

አገሯ ስትገባ አባቷ፣ ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህር፣ በቁጣ ጠበቋት። «ለአንድ ግንበኛ ብለሽ ዕድልሽን በእግርሽ ገፋሽ!» አሉና አኮረፉ። ወራት አለፉ፤ ኩርፊያው ግን አላለፈም። እሷም እዚህም እዚያም እየሠራች፣ ከስልኳ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል ከረመች።

በሰባተኛው ወር በራቸው ተንኳኳ። ግንበኛው ነበር፤ ከመንገዱ ርዝመት ሸሚዙ ተጨማድዷል። እህቱ በአዲሱ ክፍል በሰላም መገላገሏን ቆሞ ነገራት። አለቀሰች።

አባትየው ከውስጥ ወጡ። ልትተረጉም አፏን ስትከፍት ግንበኛው በእጁ ምልክት አስቆማት፤ መንገዱን ሁሉ ሲያጠናው የመጣው ቃል አለ። እሳቸው ፊት ተገትሮ፣ ላብ እያጠመቀው፣ በራሳቸው ቋንቋ፦

«እወድዎታለሁ!»

አባትየው መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔን?»

ግንበኛው ወደ እሷ ዞር ሲል መሳሳቱን ከፊቷ አነበበ። «አይ! እርስዎን... አይደለም! እሷን!»

አባትየው ሊቆጡ አስበው ነበር፤ ሳቅ ቀደማቸው። እስኪያስላቸው ሳቁና ወንበር ሳቡለት።

«በል ቁጭ በል» አሉት። ከዚያ ለወራት ቀና ብለው ወዳላዩዋት ልጃቸው ዞሩ። «አንቺስ? ምን ትያለሽ?»

መጀመሪያ በአባቷ ቋንቋ፣ ቀጥላም በእሱ ቋንቋ መለሰች፦

«እኔም።»